የምሕረት ወር

ሞራቫ ወንዝ ዳር፣ በዚያች ጠባብ ጣቢያ፣
አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት መዝጊያ፣
አንድ የተሰመረ ደብተር ሰጠኝና
«ስም እንዳትጠይቅ» አለኝ አለቃዬ ገና፤
«ከየት እንዳመጡት፣ ማን ላይ እንዳነሱት፤
ቁጥሩን ብቻ መዝግብ፤ ወሩ ነው የምሕረት።»

መዘገብኩ።
ዓይነት፣ ቁጥር፣ ዝገት። ዓይነት፣ ቁጥር፣ ዝገት።
አንዱ በጆንያ፣ አንዱ ባሮጌ ልብስ፤
አንዱ ደግሞ መጣ፣ ቃሪያ ከነበረበት ጠርሙስ
የእጅ ቦምብ አውጥቶ አኖረልኝ በኩራት፦
«ሚስቴ በየፋሲካው ትወለውለው ነበር» አለኝ፣ «ሠላሳ ዓመት።»

ሰልፉ ግን ዝም አይልም።
ንብ አርቢው ራዲሳቭ ከኋላ ይጮሃል፦
«አገር የፈረሰ ለት ማን ደጄን ጠብቋል?
ተኩላው በክረምት፣ ሌባው በበጋ፣
ስልክ ደውዬ ነው ወይ ሌሊቱ የሚነጋ?
እኔ አስረክቤ ጎረቤቴ ካልሰጠ፣
ሞኝ ማለት ማነው? በሩን የገለጠ!»

መምህርቷ ስላቪጻ ዞራ መለሰችለት፦
«እኔ ጠዋት ጠዋት ልጆቼን ስቆጥር
አብሬ እቆጥራለሁ የመስኮቱን ቁጥር፤
ትንንሾቹ በየትኛው ይዘላሉ እያልኩ።
ይኸው ነው ሒሳቡ ዘንድሮ የተማርኩ።»

«ጥፋቱ የሰው ነው፤ ብረት ምን አጠፋ?»

ይህን ሲል ነው ስታንካ፣ ባልቴቷ፣ የደረሰች።
በጥልፍ ገበታ ልብስ የጠቀለለችውን
ጠረጴዛዬ ላይ ጋደም አደረገች።

«በዚህ ነው ያገባሁ» አለችኝ።
በእኛ አገር ወጉ፣ ሙሽራ ሊወስዱ
ወንዶቹ ሲመጡ፣ ካጥሩ ሥር ሲወርዱ፣
ከረጅም ግንድ ጫፍ ፖም ይንጠለጠላል፤
ፖሙ ካልወደቀ በር መቼ ይከፈታል?
«ሁለቴ ስቶብኝ ድራጉቲን ባሌ፣
በሦስተኛው ወድቆ ተከፈተ ዕድሌ።»

ሳቀች። ሰልፉም ሳቀ።
ከዚያ፣ ድምጿን ሳትቀይር፦

«ነቦይሻ ልጄ ከጦሩ ሲመጣ
ሁሉን ይዞ ገባ፣ እንቅልፉን ግን አጣ።
የካቲት ነበረ። ሌሊት። በረዶ ነው።
ይሄ ከግድግዳው እንደተሰቀለ ነው።
ስነቃ
ምስማሩ ብቻ ነው።

«ባሌ እስኪሞት ድረስ "ጥፋት የሰው" አለ፤
በዘይት አሸና መልሶ ሰቀለ።
ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከሥሩ እየበላሁ
"እውነት ነው፣ የሰው ነው" እያልኩኝ ኖሬያለሁ።
ግን ስማኝ ራዲሳቭ፣ አንተም ወልደሃልና፤
ልጄ ክፉ አልነበር፤ ደክሞት ነው፣ ደከመና።
ሊነጋ የቀረው ሰዓት አይሞላም ነበር፤
ብረቱ ቢዘገይ ንጋት ይቀድም ነበር።»

አንድ ሰው ሳለ። በዚያው ዝም አለ።

ደብተሬን አየሁት። ዓይነት፣ ቁጥር፣ ዝገት።
ዝገት በሚለው ሥር «የለውም» ጻፍኩበት።

«ስም ጻፍ» አለችኝ።
«አይቻልም።»
«የእሱንም?»
«የማንንም።»
«እንግዲያስ ማንገቻውን ፍታልኝ፣ ቆዳው ገና ደህና ነው፤
ፍየሌ ገመዷን በጥሳ የሰው ጎመን ውስጥ ነው ያደረችው።»

ዘለበቱ እንቢ አለኝ፤ በጥርሴ ሳብኩት፤
የጠመንጃ ዘይት፣ የሰው ላብ ጨው ቀመስኩበት።
ጠቅልላ ከኪሷ ከታው ወጣች።
ራዲሳቭን አየችው፤ አለፈች።

ወንበሬ ላይ ስመለስ ሽጉጤ ጎኔን ቆረቆረኝ፤
ስድስት ዓመት ታጥቄው ዛሬ ገና ተሰማኝ።

«ቀጣይ!» አልኩ።

ራዲሳቭ ነው ተራው። ካፖርቱ ባንድ ጎን አብጧል።
አንድ እግሩ ከደጃፉ ውስጥ፣ አንዱ ጭቃው ላይ ቆሟል።
አልገባም። አልሄደም።

የግድግዳው ሰዓት፣ ሁሌም የሚቀድመው፣
«መዝጊያ ደረሰ» አለኝ።

በሩን አልዘጋሁም።