ሃያ አራት ቁራጭ ቀርከሃ

ንብረት ክፍሉ መዝገብ ላይ የሰፈረው እንዲህ ይላል፦
«ከበሮ፣ ስድስት። ክራር፣ አምስት፤ ያንዱ ጅማት ተበጥሷል።
ድምፅ ማጉያ፣ ሁለት። የቆዳ ልብስ፣ ከነዛጎሉ፣ ሠላሳ።
ቀርከሃ፣ ቁራጭ፣ ሃያ አራት።»
ፊላ ነው ስሙ አላልንም፤ ቀኑ አልነበረም የወቀሳ።

ላምቤቦ መነጽሩን አወለቀ፤ ወለወለ፤
ሞዴል ሃያ ሁለት ላይ ካርቦኑን ደለደለ፤
ክፉ ሰው አይደለም። አንዱን ክልል ላለመበደል እየማለ
ሃያ አራትን ለአራት አካፈለ።
ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት።
ቀሪ የለው፣ ብልጫ የለው፤
እንዲህ ያለ ቀና ሒሳብ በዚያ ወር ሌላ አላየነው።

ያስቸገረችው ኮስተሯ ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመት የዞርንባት።
«አራት ጎማ አላት አይደል?» አለ ዶሳ፣ የነዳት።
ሳቅን። ላምቤቦ ግን እስክሪብቶውን አንስቶ
ለአፍታ ያህል አሰበበት።

ፊላን ለማያውቅ፦
አንዱ ቀርከሃ አንድ ድምፅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አይጠየቅም።
ወፍራሙ ያጉረመርማል፣ ቀጭኑ ይጮኻል፤ ሌላ ቋንቋ አያውቅም።
እኔ ነፍቼ ስተወው ዜማው ጸጋነሽ ጋ ይሄዳል፣
ከሷ አደሎ ጋ፣ ካደሎ ወደ ጀርባ፣
እንደ ሰርግ ቤት ሕፃን ከእጅ ወደ እጅ፤
ማንም ጉያ አያድርም።
ኩሲያ ጊዶሌ ላይ ሲያስተምረን
«መንፋትማ ወናፍም ይነፋል» አለ።
«ፊላ ማለት ዝም ማለት ነው፤
ተራህ እስኪደርስ መቁጠር ነው።»

ያኔ መንገዱ አንድ ማኅተም፣ አንድ አበል ነበረው።
ከሐዋሳ በንጋት፣ የአሞራ ገደል ዓሣ ሽታ ልብሳችን ላይ እያለ፣
ሶዶ ምሳ፣ አርባ ምንጭ አዳር፣ የጂንካ አቧራ በጥርሳችን፤
ቦንጋ ስንገባ ከበሮው በዝናብ ላልቶ
በኮስተሯ ሞተር ሙቀት አድርቀን፤
መድረክ ላይ ከሲዳማ ተነስተን ሳናርፍ ወላይታ ስንዘልቅ
ድንበሩ የት ጋ እንዳለፈ
ከትከሻ ወደ ወገብ ሲወርድ ነበር የሚታወቅ።

ከዚያ ቅጹ መጣ፤ «የሚመደቡበት ክልል»።
አደሎ ቦንጋ አለ፣ ዶሳ ሶዶ አለ፤ አልከበዳቸውም።
ጸጋነሽ፣ ባሏ ሆሳዕና፣ እናቷ ይርጋለም፣
የአምስት ወር እርጉዝ፣
ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ ፋቀች፤ ወረቀቱ ተበሳ።
እኔ የዲላ አባት፣ የዶርዜ እናት፣ የኮረም ሰፈር ልጅ፣
«ሐዋሳ» ብዬ ጻፍኩ።
«ሐዋሳ ከተማ ናት፤ ክልል ጻፍ» አለኝ ጸሐፊው፣ ቀና ሳይል።

ይኸው አሁን ሐይቅ ዳር፣ በየሆቴሉ ሰርግ፣ ኪቦርድ እነካካለሁ፤
አንድ ቁልፍ ተጭኜ ሙሉ ባንድ አስጮኻለሁ።
ባለፈው ሶዶ ለበዓል ጠሩን። ቢሮ ለቢሮ ደብዳቤ፣
የትብብር ጥያቄ፣ አበሉን ማን ይክፈል፣ ከየትኛው በጀት፤
መልሱ ሲመጣ በዓሉ ካለፈ ሁለት ወር ሆኖት።
ዶሳ ደወለ፦ «ወንዙ እኮ ያው ብላቴ ነው፤
ኬላው ላይ ገመዷን ዝቅ የሚያደርጋት ልጅ እንኳ
ድሮ ያጨበጨበልን ነው።»

ትናንት ደግሞ አደሎ፣ በሚቆራረጥ መስመር፣ ከቦንጋ፦
«ስድስት ብለን ፈርመን ሳጥኑን ብንፈታው አምስት፤
ኦዲተር ቆሞብናል። ቀጭኑ የለም።»
ዝም አልኩ።
ቀጭኑ የኮቴ ገበር ውስጥ ነው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ።
ላምቤቦ መነጽሩን ሲወለውል ነው የሰረቅኩት።
አሁን ሳስበው ግን
መነጽር ያን ያህል ጊዜ ይወለወላል?

ማታ ማታ፣ ሰርገኛው ሲበተን፣ ጀልባዎቹ በታሰሩበት፣
አንድ ጊዜ እነፋዋለሁ፤ አጭር ድምፅ ነው፤
ከጀልባ ጠባቂው በቀር የሚሰማው የለም።
ከዚያ ከንፈሬን ገጥሜ፣ በጣቴ፣
አደሎን፣ ጸጋነሽን፣ ኩሲያን፣ ዶሳን
(ዶሳ ሾፌር ነው፤ ቢሆንም)
ሃያ ሦስቱን በየተራቸው እቆጥራለሁ፤
ከተምታታብኝ
ከአንድ እጀምራለሁ።