መልሱን ያዢው

ቸርችል ቁልቁለቱ፣ ከፖስታ ቤት በላይ፣
ሰባት ዓመት ቆምኩኝ በእግሮቼ ጣቶች ላይ።
የሰው ልክ በፊቱ፣ በጫማው አይደለም፣
ሂሳብ ሲጠይቅ ነው የሚገለጥ ሁሌም።

አሜሪካዊው ሰው ስልኩን ያወጣና
ሃያ በመቶዬን ያሰላል በጥሞና፤
ዕዳ እንዳለበት ሰው ፊቱን ያከብዳል፣
ያጎደለ እንደሆን እንቅልፉ ይሄዳል።
ከሊሴ የሚመጣው የፈረንሳይ መምህር
«ደሞዝሽስ?» ይለኛል፣ ትቶልኝ አንድ ብር፤
ደሞዜን ብነግረው ይደነግጥና
አንድ ብር ይጨምራል፣ ያው ደንግጦ ነውና።

የእኛ ሰው አይቆጥርም፤ ይሉኝታ ነው የሚያዘው፤
ሰው ሲያይ ነው መቶ ብር እጁ የሚመዘው።
ብቻውን ሲመጣ፣ ማኪያቶውን ጠጥቶ
«እግዜር ይስጥሽ» ይላል፣ ይሄዳል ያን ትቶ።
እግዜርም እንደኛ ዝርዝር አጣ መሰለኝ፣
ይኸው ስንት ዘመን አሜን እያስባለኝ።

ማታ በር ሲዘጋ ጣሳው ይገለበጣል፣
ለዕቃ አጣቢዋም ለትርፌ ይወጣል፤
ለተሰበረ ብርጭቆ፣ ለጠፋ ማንኪያ
ተቀንሶ ነው ያውም፣ በጋሽ ድንበሩ ማካፈያ።
«በቴሌብር ላክሁት» ይለኛል ጎረምሳው፤
ጋሽ ድንበሩ ስልክ ገባ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ያንሳው።

ከሁሉ ጉዱ ግን ያ ጃፓን መሐንዲስ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ መልሱ እስኪመለስ
ቆሞ ይጠብቃል።
ሳንቲሟን ከትቶ፣ ወገቡን አጥፎልኝ
ከበር ሲወጣ ነው ስድቡ የሚመጣልኝ።
ስሙን ሳንጠይቀው «ቋጣሪ» አልነው እኛ፤
እሱን መታዘዝ ነው ቅጣቱ ለዳተኛ።

አንድ የሐምሌ ቀትር፣ ዝናብ፣ ቤቱ ጭር ብሎ፣
ሽሮ ከበን ሳለን ገባ ዣንጥላ አንጠልጥሎ፤
ጣሳው ላይ ያለውን በጣቱ ተከትሎ
«ጉርሻ» አነበበ፣ ፊደል ከፊደል ነጥሎ።
«ምንድን ነው?» አለኝ። ለካስ ፊደል ቆጥሯል!
ምን ብዬ ላስረዳው? አፌ ተሳስሯል፣
እጄ ሽሮ ነክቷል።

ጠቅልዬ አጎረስኩት።

«አንድ ያጣላል» ብላ ትርፌ ደገመችለት፤
ሦስተኛዋን ለእኔ እሱው ጠቀለላት፤
ግማሿ ሽርጤ ላይ፤ ግማሿን አፌ በላት።

ቃል በቃል ለቅሞ ነው ያስረዳኝ ነገሩን፦
በእሱ አገር፣ ጠረጴዛ ላይ የተወ ሰው ብሩን
ረሳው ይባላል፤ አስተናጋጇ ሮጣ
ትሰጠዋለች መንገድ፣ ትንፋሿ እስኪወጣ።
እጇ ያቀረበው ሻይ ሙሉ ነው፤ ጎዶሎ
እንዳለበት ነገር ምን ይጨምር ብሎ?

ቆንጆ ነው።
የአስኮ ታክሲ ረዳት ግን በቆንጆ አይጭንም፤
ለትርፌ ልጅ ደብተር ክብር ብር አይሆንም።

የመጨረሻ ማክሰኞ፣ ከሲኒው ሳህን ሥር
አገኘሁ፣ በአራት ታጥፎ፣ ሁለት መቶ ብር።
እንዴት ሮጥኩ መሰላችሁ፣ «ረሳኸው!» እያልኩኝ፣
ሽርጤን እንደታጠቅኩ ፖስታ ቤት ደረስኩኝ።
መኪናው ተነሣ፤ እሱ በመስኮቱ
እንደ ልማዱ አጎነበሰ ባንገቱ።

ዳገቱን ተመለስኩ፤ ጣሳው ብሩን በላ፣
አልዋሽም፣ የታክሲ ከቀነስኩ በኋላ።