ግራ የገባው አምፕሊፋየር

የመጀመሪያው አምፕሊፋየር ሠላሳ ዋት ነበር ጉልበቱ፤
በጥቅምት፣ በጠባሴ ውርጭ፣ ሞቅ ሲል ክዳን አናቱ፣
ድመታችን ትጠቀለላለች፣ ሙዚቃው ምንም ሳይመስላት፣
ለእኔ አምፕሊፋየር የሆነው ለእሷ ምድጃ ሆኖላት።

እኔን ግን ከነከነኝ፤ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ፤
ቀኙ ስፒከር ፊት ለፊት፣ ቃል በቃል ሲያጫውተኝ፣
ግራው አፉን በጋቢ ሸፍኖ እንደ ባለዕዳ ሸሸኝ።
ሳክስፎኑ በቀኝ ገብቶ በቀኝ በር ውልቅ ይላል፤
ክራሩ የት እንደቀረ ማን ያውቃል?

የሻረግን ጠየቅኳት፤ የመብራት ደረሰኝ ታነባለች፤
«ለእኔስ ደህና ነው» አለች፤
ወንበሯን ሳብ አድርጋ፣ ዞራ፣ በቀኜ ተቀመጠች።

«ደህና ነው» ማለት የማያውቅ ሰው ቋንቋ ነው ብዬ፣
የሦስት ወር ጡረታዬን በመሐረብ ጠቅልዬ፣
ሄድኩ ወደ ልሳነወርቅ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
የሞተ ራዲዮ ደረት ከፍቶ ነፍስ ወደሚያስገባ።

ስልሳ ዋቱን ተሸከምኩ፤ እንደ መንዝ ሙክት ከባድ፤
ባሱ ሲመታ የቡፌው ብርጭቆ ጀመረ መራድ፤
አቶ ድልነሳው በግድግዳው «ኧረ ሰው ተኝቷል!» አሉ፤
ግራው ግን ያው ሹክሹክታ፤ የበሬሳ ማዶ ሰው በሉ!

ገመድ ቀየርኩ። ፊውዝ ቀየርኩ። ስፒከሮቹን አዘዋወርኩ፤
ግራ የነበረው ቀኝ ሲመጣ አንደበቱ ተፈታ፤ ተገረምኩ፤
ቀኝ የነበረው ግራ ሲሄድ ተለጎመ። እንግዲያው
ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ነው ብዬ ፈረድኩ።

የየሻረግ የክረምት ጫማ ገንዘብ፣ ሳትናገር፣ ከትራስ ሥር ወጣ፤
መቶ ሃያ ዋት፣ ሁለተኛ እጅ፣ ከመርካቶ በአይሱዙ መጣ፤
ፊቱ ላይ ሁለት መርፌ፣ እንደ መንታ ጥጃ እኩል የሚዘልል፤
እኩል!
ዓይኔ እያየ፣ ጆሮዬ ግን አይደለም የሚል።

ልሳነወርቅ ቤቴ መጣ፣ መለኪያውን በቦርሳ ይዞ፤
ቀኙን ለካ፣ ግራውን ለካ፣ ቁጭ አለ ትንሽ ተክዞ።
ከዚያ ተነሥቶ በቀኝ ጆሮዬ ሥር ጣቱን ቀጭ አደረገ፤ ሰማሁ።
ወደ ግራ ዞረ።
መቼ ቀጭ እንደሚያደርግ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ ቆየሁ።

«ጋሼ፣ ፋብሪካ ሳሉ የት ነበር የሚቆሙት?»
«ሽመና ክፍል፤ ማሽን አሥራ ሰባት፤ ሃያ ስድስት ዓመት።»
«ማሽኑስ በየትኛው ጎንዎ?»
አልመለስኩለትም። መወርወሪያው ትዝ አለኝ፣
ሲሄድ ጠቅ፣ ሲመለስ ጠቅ፣ ግራ ጎኔን ሲደበድበኝ፤
ለሰው ብርድ ልብስ ስሸምን የገዛ ጆሮዬን አልብሼው!
ሁለት ዓመት ሙሉ ግራ ገብቶኝ፣
ያን ቀን ግራው ገባኝ።

ቀና ብል፣ የሻረግ እንደ ወትሮዋ በቀኜ ናት።
ገበያ ስንወጣ በቀኜ፣ ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ በቀኜ፣
አልጋውን እንኳ ከመስኮቱ ያዞረች ጊዜ «ብርድ ነው» ነበር ያለችኝ።
«ታውቂ ነበር?»
«አሥራ አንድ ዓመት።»
«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»
«ነግሬህ ነበር» አለች፤ «በግራህ።»
ልሳነወርቅ ሳቁን ሊደብቅ ገመድ መጠቅለል ጀመረ።

ስልሳ ዋቱ ተሸጠ፤ ለጫማዋ ዋጋ ሆነ፤
ድመቷ አዲሱን ናቀችው፣ ክዳኑ አልሞቅ ስላለ።
ማታ ማታ የሻረግ አሁን በግራዬ ትቀመጣለች፤
ክራሩ ሲገባ ጉልበቴን በጣቷ መታ ታደርጋለች፤
አንዳንዴ ትዘገያለች፣ አንዳንዴ ያልተመታ ትመታለች፤
አላርማትም።
አንዳንድ ማታ ደግሞ፣ እጇ ጉልበቴ ላይ እንዳለ፣ እንቅልፍ ይጥላታል፤
መርፌዎቹ እኩል ይዘልላሉ፤
ክራሩ የት እንደቀረ ማን ያውቃል።