ቃለ ጉባኤ ቁጥር ሠላሳ አንድ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ከሁነኛው ጎሚስታ ቤት፣ ከፎቁ፣ በየተራ
መሰላሉን ወጣን። ከታች መንፊያው ሲያጓራ
አራት ሰው ተገኘ፤ አንዱ ወንበር ባዶ፣
መምህር አስረበብ ነበር፣ ሞት ወሰደው ማልዶ።

ለማያውቅ ይጻፍ፦ አንዲት ጸሐፊ ነበረች፣
በጨርቃ ጨርቁ ዘመን ከጀርመን የመጣች፣
ባሏ ማሽን ሲተክል፣ እሷ ሐይቁን የጻፈች።
"ኦቲልየ" ነበር ስሟ፤ ለሰፈሩ ሰው ከበደው፣
"ጥላዬ" ብሎ አቃለለው፣ እንደ ሸክም አወረደው።
ዣንጥላ አይለያትም፣ በፀሐይም በዝናም፤
ስሙ ይቅደም ዣንጥላው፣ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ሰባት ክረምት ጻፈች፣ ደጇ ላይ ተቀምጣ፣
ስለ አንድ ታንኳ ሠሪ፣ ደንገል አጭዶ ስለሚያሰጣ፣
ከዘጌ እንጨት ጭኖ በሌሊት ስለሚመጣ።
ዘመን ተገለበጠ፤ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች፣
አገሯ ገብታ ሦስት መቶ ቅጂ አሳተመች፣
አንዷን ለወርቅያንሹ ላከች፣
ልብሷን ታጥብላት ለነበረች፣ ፊደል ላልቆጠረች ሴት፤
ከበርበሬው እንስራ ጎን ኖረ መጽሐፉ ሃያ ዓመት።
ዛሬም ሲገለጥ ያስነጥሳል፤ ዓይን ያስለቅሳል፤
እንግዳ ሰው ሲያየን፣ ታሪኩ አሳዝኗቸው ይመስለዋል።

ማኅበሩ ከዚህ በቀለ። መዋጮው አሥር ብር ነው።
ማኅተም ልናስቀርጽ ስንል፣ የቀበሌው ሰው ጠየቀው
ሁነኛውን፦ "ይቺ ሴት ለባሕር ዳር ምኗ ነች?"
"ጌታዬ" አለው፣ "ጎማዋን ስጠግን፣ መኪናዋ እህቴ ነበረች?"

አጀንዳ አንድ፦ ደብዳቤ። ከተወለደችበት ከተማ፣
ስሙን ሊጠራ የሞከረ ምላሱ ከሚደማ።
ይታይሽ ቆማ አነበበች፣ ድምፅዋ እየቀነሰ፦
"ፈለግን። የተወለደችበት ቤት ድሮ ፈረሰ።
ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ መጽሐፏ አንድም የለ።
'እናቷ ዝይ ታረባ ነበር' ያለን አንድ ሽማግሌ አለ።
እባካችሁ አንድ ቅጂ ላኩልን፣ ከቻላችሁ፤
ማኅበር አላት መባሉ ደንቆናል። አክባሪያችሁ።"

ዝም አልን። ከታች አንድ ጎማ ረዥም ተነፈሰ።
አቶ ሙሉሰው መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ አበሰ።
ስምንት ዓመት ቅርንጫፍ ነን ብለን፣ ስንጠብቅ ከግንዱ፣
ለካ ግንዱ እኛው ኖረናል፤ ወዲያ ማዶ የለም አንዱ።

አጀንዳ ሁለት፦ አሥራ አንድ ገጽ የለም ከመጽሐፉ፣
የሞላ ጊዜ ጣና በላቸው፤ ርሰው፣ ነጥተው ረገፉ።
ያሉት በመምህሩ ደብተር ነው፣ ባማርኛ ብቻ፤
ለይታይሽ የሆነባት የስድስት ወር ዘመቻ፣
ወደ እናት ቋንቋው መመለስ። አሥሩን ገጽ ጨረሰች።
አሥራ አንደኛው ላይ ቆመች።
ታንኳው ሰጥሞ፣ ሰውዬው ርሶ ከቤቱ ሲደርስ፣
"ምን አገኘህ?" ሚስቱ ስትል፣ "ሆድ ይፍጀው" አለ ለመልስ።

ጥላዬ ምን ብላ ነበር? በየትኛው በእሷ ቃል?
የሚያውቀው ወንበሩ ነው፤ ወንበር ደግሞ ምን ይላል።
"ሆዱ ይቃጠል ይባል" አለ ሁነኛው። ይታይሽ ሳቀች፣
"እዚያ እንዲህ ቢል ሐኪም ቤት ይወስዱታል" አለች።
ሙሉሰው፦ "ዝም አለ ይባል።" "መች ዝም አለ? ተናገረ እኮ!"
እስኪመሽ ተከራከርን። ማን ያስረዳን፣ ከወዲያ መልእክት ልኮ?

በመስኮቱ እምቦጩ ይታያል፤ ሐይቁን ሸፍኖት ያድራል፤
ከሥሩ ውኃው አለ፤ ጉማሬ ሲገላበጥ ይሰማል።

ውሳኔ፦ ገጾቹ ይላኩ። ያችን ቃል እንዳለች ጻፏት፣
በእኛው ፊደል። ከሥሯም አንድ ባዶ መሥመር ተዉላት፣
ዝይ አርቢዋን የሚያስታውሱት ሽማግሌ ምናልባት...

ልዩ ልዩ፦ ጣሪያው ከባዶው ወንበር ላይ ያፈሳል።
ለቆርቆሮ መግዣ፣ መዋጮ ወደ ሃያ ብር ይነሣል።
እስከዚያው፣ በጸሐፊው እጅ፣ ዣንጥላ ተዘርግቷል።