አሥረኛው ሕዋስ

ባልዲው የቀለም ነው፤ ለረመዳን ዋዜማ ግድግዳ የሚቀቡበት፣
ክዳኑ ላይ የደረቀ የሮዝ ጠብታ አለበት።
ወንድሟ ከሐረማያ በሚኒባስ አመጣው፣
በጭኑ ታቅፎ፣ እንደ ሰው ዕቃ እየጠበቀው።
«ኢፍቱ ዩያ፣ ሠላሳ አራት፣ ግራ ጡት» ተጽፎበታል፤
ፎርማሊን ተንጠባጥቦ የስሟን ግማሽ በልቶታል።

ስሟን ግን አውቀዋለሁ።
ከሁለት ዓመት በፊት በመርፌ ተቀድቶ፣
ጥቂት ጠብታ በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣
ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ «የማያሰጋ ዕጢ» ብዬ
የፈረምኩትም እኔ፣ ዓርብ ቀን፣ ወደ ቤት ተቻኩዬ?
እንጃ።
መርፌ የሚቀዳው ከአንድ ጥግ ብቻ ነው፤
ጫካን በአንድ ጭራሮ ማን ይለየዋል?
መጽሐፉ እንዲህ ይላል። መጽሐፉ ሌሊት ይተኛል።

ትርንጎ አክሏል። ዙሪያውን ጥቁር ቀለም ቀባሁት፣
የሐኪሙ ቢላ የት ድረስ እንደ ሄደ እንዲመሰክርበት።
ስከፍለው ቅጠል! እጥፍ በእጥፍ ላይ ተደርቦ፣
ለሁለት እንደ ተሰነጠቀ ጥቅል ጎመን፣ በጠባብ ስንጥቅ ተከብቦ።

ረምላ በሰም አድርቃ አራት ማይክሮን ላጠችው፣
ሞቅ ባለ ውሃ ላይ አንሳፋ በመስታወት ቀለበችው።
«ሰሙን አቅልጬልሻለሁ፤ ወርቁን አንቺ ፈልጊ።»
በየሳምንቱ የምትቀልደው ነው። ዛሬ አልሳቅሁም።

ሮዝና ወይን ጠጅ። ሰፊ ቅጠል፣ ጣቱን የዘረጋ፣
ዳር ዳሩ በሕዋስ ሰልፍ ተጠልፎ፤
ከሥሩ ያለው ሥጋ ግን ተጨናንቋል፣ ተገፋፍቶ፣ ተቃቅፎ።

ሕግ አለው፦ በአሥር መስክ የሚከፈለው ይቆጠራል።
ከአምስት በታች፣ ደግ። እስከ ዘጠኝ፣ አጥር ላይ የቆመ።
አሥር ከሞላ ስሙ ይለወጣል።

አንድ። ሁለት። ሦስተኛው መስክ ባዶ።
በሸዋ በር በኩል ባጃጅ ጥሩንባውን ነፋ፤
ቁጥሩ ጠፋኝ፤ እንደገና ከአንድ።
ሰባት፣ ስምንት።
ዘጠኝ።
በመጨረሻው መስክ ጥግ ላይ አንድ ጠቆር ያለ ነገር፦
እየተከፈለ ነው? ወይስ እየሞተ?
ልደትና ሞት በአራት መቶ እጥፍ ጎልተው
እንዲህ ይመሳሰላሉ ወይ፣ ጌታዬ?
ብርሃኑን አጠበብኩ። ዓይኔን አሸሁ።
«የሞተ ነው» ልል ፈለግሁ፤
ላድን የፈለግሁት ግን እሷን አልነበረም፤
የዚያን ዓርብ ፊርማዬን ነው።

«ረምላ፣ ከሌላ ጥግ ድገሚልኝ።»
አሥራ አራት።

ለውጤቱ ራሷ መጣች። አወዳይ ጫት ነጋዴ ናት፤
የትኛው ዙርባ ከየትኛው ማሳ እንደ መጣ
በጨለማ፣ በጣቷ ትለያለች።
ዕጢውንም በዚያው ጣት ነው ያገኘችው፤ ሁለቱንም ጊዜ።
ሁሉንም ነገርኳት። የመጀመሪያውንም ወረቀት።
ዝም አለች። ከዚያ፣ «ልየው።»

ወንበሬን ለቀቅሁላት።
ሻሿን ወደ ኋላ ገፍታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ አጎንብሳ ብዙ ቆየች።
«ቅጠል ነው» አለች።
«ውሃ የበዛበት። እንዲህ ያለው ቶሎ ያድጋል።»
እኔ ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር።

«ከሥሩ ነው የተቆረጠው?»
«በአንድ ጎን ጥቁሩን ቀለም ነክቷል።»
«እንግዲያ ይደገማል» ብላ ተነሳች፤
በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች፦
«ባልዲው የጎረቤት ነው። ታጥቦ ይመለስልኝ።»