ፈረቃ

ቱሉ ዲምቱ፣ አስፋልቱ ሲያልቅ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሲሳሳ፣
ከሲኖትራክ አቧራ ማዶ፣ ገና ካልተሸጠው ማሳ፣
አንዲት ክፍል አለችን፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣
ከበሩ ሥር አንድ ባልዲ።

ባልዲው ላይ በፕላስተር፦ «ወርቂቱ ለሜሳ። ሠላሳ ስምንት ሳምንት።»
ልጇ አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ።
እንግዴ ልጁ ሁለት መቶ ዘጠና ግራም፤
ሚዛኑን ጠርጥሬ፣ ጠርጌ፣ ደግሜ መዘንኩት፤
ያው ሁለት መቶ ዘጠና።

እንግዴ ያለህ ማን ነው?
ከቤቱ ልጅ ጋር ተፀንሰህ፣ ከእሱ ቀድመህ ነቅተህ፣
አብልተህ፣ አጠጥተህ፣ ጉድፉን ጠርገህ፣
እሱ እልል ሲባልለት አንተ በሳፋ የምትወጣ፣
እንግዳ ነህ ወይስ ታላቅ ወንድም?

ሰም ውስጥ አስተኛሁት፣ ከወረቀት አሳስቼ ቆረጥኩት፣
ቀለም አጠጣሁት። ዓይኔን አስጠጋሁ።

ወርቂቱ አራተኛ ፎቅ ናት።
ውሃ በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞ ሌሊት ሲመጣ
ግራውንድ ይንዶለዶላል፣ ሁለተኛው ይንጠባጠባል፣
የሷ ቧንቧ ግን ያስላል፤ አየር ብቻ።

መስታወቱም ላይ እንዲያው ነው።
በመጀመሪያዎቹ ወራት የእንግዴ ልጅ ሕዋሳት
ወደ እናት ማኅፀን ሰርገው ይገባሉ፣
የደም ሥሯን ግድግዳ ንደው መስመሩን ያሰፋሉ።
እነዚህ ከመንገድ ቀርተዋል።
ቦዩ ጠባብ እንደሆነ ቀረ፣ ግድግዳው እንደወፈረ፣
ፅንሱም እላይ ሆኖ ፈረቃ ቆጠረ።

ቅርንጫፎቹ ሳስተዋል፣ እንደተመለመለ ባሕር ዛፍ።
ኒውክለሶቹ ሸሽተው ጥግ ጥጉን ተፋፍገዋል፣
መብራት ሲጠፋ ደረጃ ላይ እንደሚሰበሰቡ ጎረቤቶች።
እዚህ ደለል። እዚያ ነጭ ጠባሳ፣ ደም የረሳው ሰፈር።
ሳይጎለምስ የሸበተ።

ግን ጎኑን ተመልከቱ፦
ከጠባሳው አጠገብ ያሉት ግድግዳቸውን አሳስተው፣
ደማቸውን ወደ ዳር ገፍተው፣
የሞተውን ጎረቤት ሥራ ደርበው፣
እስከ መጨረሻዋ ምጥ ሠርተዋል።

ሐሙስ ከሰዓት ባሏ መጣ፤ ሂርጳ፣ የሲኖትራክ ረዳት፣
ጥቁር ፌስታል አጣጥፎ ይዞ።
«እናቴ ናት የላከችኝ። ይቀበር አለች።»
«የት? አራተኛ ፎቅ ጓሮ የለው።»
«የኔ እትብት ብሎክ አርባ ሁለት ሥር ነው፤
በፊት የአባቴ ጓሮ ነበር፣ አሁን መኪና ያቆሙበታል።
ከድንጋዩ ጠርዝ ትንሽ አፈር አይቻለሁ።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ወርቂቱን ትወቅሳታለች። ጀሪካን ተሸክማ ነው፣ ጾማ ነው ትላለች።
እውነት ነው?»

ወንበሩን ለቀቅኩለት። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ አየ።
«ይሄ መስመር ሳይሰፋ ቀረ» አልኩት። «ሆዷ ገና ሳይገፋ።
ጀሪካኑ አይደለም። ለምን ብትለኝ አላውቅም፤
መስታወት የሰው ስም አይጠራም።»

«ታዲያ ይሄ» አለ፣ ዓይኑን ሳይነቅል፣
«በደረሰው ነዋ የሠራው።»

የተረፈውን አልሰጠሁትም፤ ፎርማሊን የነካው አፈር ያቃጥላል።
አልተከራከረኝም። ፌስታሉን አራት አጥፎ ኪሱ ከተተ፣
በሩ ጋ ዞር ብሎ፦
«ከትናንት ሃያ ግራም ጨመረ። ደረቷ ላይ ነው የሚያድረው።»

ሃያ ግራም የእንቁላል ግማሽ አይሞላም።
በመስታወቱ ጠርዝ ቁጥሩን በእርሳስ ጻፍኩ፣ መሳቢያውን ዘጋሁ።
አንድ ቀን ልጁን «እትብትህ የት ተቀበረ?» ቢሉት
ማን ይነግረዋል፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከግራ ሰባተኛው።

ጥግ ላይ ያለው ቧንቧ አሳለ።
ቀናችን አልነበረም።
ባልዲ ይዤ ቆምኩ።