ፈረሰኛው

ገና ነው። ቡሬ ነኝ፣ ከሆቴሉ ጥግ፤
ቴሌቪዥኑ ይጮኻል ሰሚ ሳይፈልግ።
የዝብነሽ መጣች፣ ወረቀት ሳትዘረጋ፤
«ዶሮ ነው፤ በብልቱ ይለያያል ዋጋ።»

«ፈረሰኛ» አልኳት።
ከአፌ አመለጠኝ፤ ልመልሰው ፈራሁ፤
እስከ ዛሬ እሱን መቼ ቀምሼ አውቃለሁ?

በቤታችን ደንብ እኔ የክንፍ ነበርኩ፤
«ታናሽ ነህ» ተብዬ ክንፍ ስግጥ ኖርኩ።
መላላጫው የአንሙት፣
ፈረሰኛው የአባ፤
ከእሱ ድርሻ መሐል የማንም እጅ ሳይገባ።

አባባ ዐረፈ። አርባው ሳይደርስ ገና፣
ለአንድ ቃዳ መሬት ፍርድ ቤት ቆምንና፣
ይኸው ሦስት ገና።
ደንበጫ ቅርብ ነው፣ በሚኒባስ አንድ ሰዓት፤
ቅርቡን ያራቀው ይሄ የእኛ ሙግት።

ወጡ መጣ፤ ቀልቷል። አንዲት ስንኳ ሳልጎርስ፣
በግራ እጄ ደወልኩ፣ ቀኜ በወጥ ሲርስ።

«እማ፣ እንኳን አደረሰሽ።
ፈረሰኛውን ዘንድሮ ለማን ጨለፍሽ?»

«ለማን እጨልፋለሁ? ድስቱ ውስጥ ነው ያለ፤
አንሙት ቢቀርብለት፣
‹የኔ አይደለም› አለ።»

«አልጣፈጠም እንዴ?» አለች የዝብነሽ፣ ከአጠገቤ ቆማ።
«ኧረ ጣፍጧል፣ እቴ፤
ግን... ክንፍ ካላችሁማ...»